«ኦዝደሚር» የሚለው የቱርክ የወንድ ስም ምንጭና ትርጉም

ጥያቄ

የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ምጽዋንና ድባርዋን ስለያዘው የኦቶማን ቱርኮች ጦር ሳነብ፣ የአዛዡን ስም በአንዱ ጽሑፍ «ኦዝደሚር ፓሻ»፣ በሌላው «ኡዝደሚር»፣ ከዐረብኛ በተቀዳው ደግሞ «አዝደሙር» ተብሎ አገኘሁት። ቱርክኛ የሚያውቅ አንድ ወዳጄ ትርጉሙ «ንጹሕ ብረት» ነው አለኝ፤ ሌላው ደግሞ «አዝ» በቱርክኛ «ጥቂት» ማለት ስለሆነ «ጥቂት ብረት» መሆን አለበት ብሎ ሞገተኝ። የትኛው ነው ትክክል? ስሙስ ዛሬም ለልጅ ይወጣል ወይ?

ምላሽ

«ንጹሕ ብረት» ያሉዎት ወዳጅዎ ከእውነቱ ብዙም አልራቁም፤ «ጥቂት ብረት» ያሉዎትን ግን ፊደሉ አሳስቷቸዋል። ስሙ የሁለት ቃላት ጥምር ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ክርክር የማይነሣበት ስለሆነ ከእርሱ ብጀምር ይሻላል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ደሚር» ብረት ማለት ነው። የጥንት መልኩ «ተሚር» ወይም «ተሙር» ሲሆን፣ ከቱርክ ቋንቋዎች መካከል ኦጉዝ የሚባለው ቅርንጫፍ፣ ማለትም የዛሬዎቹ የቱርክ፣ የአዘርባጃንና የቱርክመኒስታን ሰዎች የሚናገሩት፣ በብዙ ቃላት መነሻ ላይ የነበረውን «ት» ወደ «ድ» ለውጦታል። ካዛኮች ምላስን «ቲል»፣ ተራራን «ታው» ሲሉ የኢስታንቡል ሰዎች «ዲል» እና «ዳ» የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የቱርኮቹ «ደሚር»፣ የካዛኮቹ «ተሚር» እንዲሁም በ1405 የሞተው፣ ሳማርካንድን መናገሻው ያደረገው የታላቁ ድል አድራጊ ስም «ቲሙር» በየአገሩ አፍ የተለያየ መልክ ያገኙ አንድ ቃል ናቸው። የጄንጊስ ካን የልጅነት ስም የነበረው «ተሙጂን» ጭምር ከዚሁ ሥር እንደሚመዘዝ አብዛኞቹ የዘርፉ አጥኚዎች ይስማማሉ።

ብረት በእነዚህ ሕዝቦች ዘንድ ለምን የወንድ ልጅ ስም እንደሆነ ለመረዳት የብረት ሠራተኛው የነበረውን ክብር ማሰብ ያስፈልጋል። በ552 የመጀመሪያውን ታላቅ የቱርክ መንግሥት ያቆሙት ጎክቱርኮች፣ የቻይና ዜና መዋዕሎች እንደሚተርኩት፣ በአልታይ ተራሮች አካባቢ ለሩራን ገዥዎች ብረት እየሠሩ የሚገብሩ ነበሩ፤ መሪያቸው ቡሚን የገዥውን ልጅ ለጋብቻ በጠየቀ ጊዜም «አንተ የእኔ ብረት ቀጥቃጭ ባሪያ» የሚል የንቀት መልስ ደረሰው፤ ንቀቱም ለጦርነት ምክንያት ሆነ። ከዚያ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1070ዎቹ፣ መሕሙድ አልካሽጋሪ የቱርክ ቋንቋዎችን መዝገበ ቃላት በባግዳድ ሲያዘጋጅ «ተሙር» የሚለውን ቃል የፈታው በአንድ የመሐላ ልማድ ነው፦ ኪርጊዞች፣ ኪፕቻኮችና ሌሎችም ቃል ሲገባቡ ሰይፍ መዝዘው በፊታቸው ያጋድሙና «ሰማያዊ ሆኖ ይግባ፣ ቀይ ሆኖ ይውጣ» ይላሉ። ቃሉን የሚያፈርስ ሰው ብረቱ ራሱ ይበቀለው፣ በደሙ ይቅላ ማለታቸው ነው፤ ብረትን ያከብሩታልና። እንዲህ ባለ ማኅበረሰብ ውስጥ ልጅን «ብረት» ብሎ መጥራት ጥንካሬ ከመመኘት አልፎ መሐላ የማይፈርስበት ሰው እንዲሆን መመረቅ ጭምር ይመስለኛል። በእኛ ዘንድ ወርቁና ብሩ ሞልተው «ብረቱ» የሚባል ሰው እምብዛም የማይሰማው፣ በከፊል ቢያንስ፣ ቀጥቃጩ በቡዳነት ሲታማ ስለኖረ ይሆን እንዴ ብዬ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ አከራካሪው ክፍል፣ ወደ «ኦዝ»፣ እንምጣ። ድምፁ በአማርኛ የለም፤ ምላስን «ኤ» በሚባልበት ቦታ አድርገው ከንፈርን እንደ «ኦ» ቢያሞጠሙጡ የሚወጣው ነው። ቃሉ በጥንታዊው ቱርክኛ «ራስ»፣ «የሰው ማንነት»፣ «ውስጠኛው ክፍል» የሚሉ ፍችዎች ነበሩት። በካዛክኛ፣ በኡዝቤክኛና በአዘርባጃንኛ እስከ ዛሬ ድረስ «ራሴ፣ ራስህ፣ ራሱ» የሚባለው በዚሁ ቃል ሲሆን፣ የኢስታንቡል ቱርክኛ ግን ለዚህ አገልግሎት «ኬንዲ» የሚለውን መርጦ «ኦዝ»ን ለሌላ ሥራ አስቀርቶታል። በዚያ ቋንቋ የእንጀራ ያልሆነች ወላጅ እናት «ኦዝ አነ» ትባላለች፤ እኛ «የአብራኬ ክፋይ» የምንለው ልጅም «ኦዝ ኤቭላት» ነው። የዛፍ ግንድ ልብ፣ የነገር ፍሬ ሐሳብ፣ የአንድ ነገር ዋናው ባሕርይ በዚሁ ቃል ይገለጻሉ። «ንጹሕ» የሚለው ትርጉም የመጣው ከዚህ ነው፤ ባዕድ ነገር ያልገባበት፣ ውስጡም ውጪውም ያው የሆነ ማለት ነው። በተለይም በ1932 የቱርክ ቋንቋ ማኅበር ተቋቁሞ የዐረብኛና የፋርስ ቃላትን የማስወገዱ ዘመቻ በተጀመረበት ጊዜ «ኦዝ ቱርክቼ»፣ «ንጹሕ ቱርክኛ»፣ የዘመኑ መፈክር ስለነበረ ይህ ፍቺ ከሌሎቹ ሁሉ ገንኖ ወጣ። የ13ኛው ወይም የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ስሙን ሲሰማ በመጀመሪያ ወደ አእምሮው የሚመጣለት «ንጹሕ» መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ፤ «የራሱ»፣ «እውነተኛ»፣ «ውስጠኛ» የሚሉት የቀደሙ ይመስለኛል።

«አዝ» ማለት «ጥቂት» መሆኑ እውነት ነው፤ በዚህ ስም ውስጥ ግን ቦታ የለውም። ስሕተቱ የሚመጣው ከዐረብኛ አጻጻፍ ነው። ዐረብኛ አጫጭር አናባቢዎችን በፊደል ስለማያሳይ ስሙ በአሊፍ ጀምሮ ተነባቢዎቹ ብቻ ተከትለው ይጻፋል፤ ቱርክኛ የማያውቅ አንባቢ ያንን አሊፍ «አ» ብሎ ቢያነበው አይፈረድበትም። ይህንን የሚያረጋግጥልን አንድ ወንድም ስም አለ። ከ1313 እስከ 1341 ወርቃማው ጭፍራ የሚባለውን መንግሥት የገዛው ካን ስሙ «ኦዝበግ» ነበር፤ ብዙዎች በሚቀበሉት አፈታት «ኦዝ» ከ«በግ» ወይም «በክ» ጋር ተጣምሮ «የራሱ ጌታ» ወይም «እውነተኛ መስፍን» ማለት ነው። ዛሬ «ኡዝቤክ» እና «ኡዝቤኪስታን» ብለን የምንጽፈው ከዚሁ ስም ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በካይሮ የነበረ አንድ ታላቅ አሚርም ይኸው ስም ነበረው፤ ግብፆች ግን በአሊፉ ምክንያት «አዝበክ» ብለው ስለጠሩት፣ እርሱ ያቀናው ሰፈር እስከ ዛሬ «አዝበኪያ» ይባላል። እንግዲህ «ኦዝበክ» በካይሮ «አዝበክ» ከሆነ፣ «ኦዝደሙር»ም በካይሮ «አዝደሙር» ቢሆን አያስደንቅም። «ጥቂት መስፍን» የሚባል ካን እንደሌለ ሁሉ «ጥቂት ብረት» የሚባል ጀግናም የለም።

አንዳንዶች ለዚህ ክርክር የአናባቢ ስምምነትን ሕግ ያቀርባሉ፤ በቱርክኛ ቃል ውስጥ ምላስ ወደ ፊት ሆኖ የሚነገር አናባቢና ምላስ ወደ ኋላ ሆኖ የሚነገር አናባቢ አብረው ስለማይሄዱ «አዝ» ከ«ደሚር» ጋር ሊጋጠም አይችልም ይላሉ። ይህ ግን ደካማ ማስረጃ ነው፤ ሕጉ ጥምር ስሞችን አያስገድድም፤ «ታሽ» (ድንጋይ) እና «ተሙር» ተጣምረው «ታሽተሙር» የሚል የታወቀ የአሚሮች ስም ወጥቷልና።

ሌላ ተሳታፊ

ለዝርዝሩ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ጥምሩ በሁለት መንገድ ሊፈታ የሚችል አይመስላችሁም ወይ? «ኦዝ» የ«ደሚር» ገላጭ ከሆነ «እውነተኛ ብረት» ይሆናል። ነገር ግን ስሙ የሰውየውን ሁኔታ የሚናገር ከሆነ «ማንነቱ ብረት የሆነ» ማለት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ብረት የተባለው ሰውየው መሆኑ ቀርቶ ውስጡ ነው ማለት ነው። ደግሞም ሴማውያን ቋንቋዎችም በብረት ስም አውጥተዋል፤ ዳዊት ከአቤሴሎም በሸሸ ጊዜ ስንቅ ያቀረበለት ገለዓዳዊው ቤርዜሊ ስሙ በዕብራይስጥ ብረት ከሚለው ቃል የወጣ ነው። በመጨረሻም አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ኦዝደሚር ፓሻ በትውልዱ ቼርከስ፣ ማለትም ከካውካሰስ ሕዝቦች የአንዱ ወገን፣ ነበረ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ታዲያ ቼርከስ የሆነ ሰው የቱርክ ስም እንዴት ሊኖረው ቻለ?

ምላሽ

ሁለቱም አፈታቶች በቱርክኛ ሰዋስው ይፈቀዳሉ። እኔ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ፤ ምክንያቴም የዘመኑ ስሞች ቤተሰብ ነው። «አይደሙር» ጨረቃ-ብረት፣ «ታሽተሙር» ድንጋይ-ብረት፣ «ቁትሉ ተሙር» ባለ በረከት ብረት፣ «መንጉ ተሙር» ዘላለማዊ ብረት ናቸው፤ በሁሉም ብረቱ ሰውየው ራሱ ሲሆን የፊተኛው ቃል ምን ዓይነት ብረት እንደሆነ ይነግረናል። «ኦዝደሙር»ም በዚያው ሰልፍ ውስጥ ቆሞ «እውነተኛው ብረት» ወይም «ብረት እስከ ውስጡ» ቢባል ያምርበታል። በአማርኛ አንድ ቃል አምጡ ብባል «ብረት» ብቻ ብዬ አልተወውም፤ እንዲያውም ለቃላት አጥባቂ ሰው እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ፤ በግዕዝ «ብርት» መዳብ ወይም ነሐስ ነው፣ ብረቱ «ኀፂን» ነው፤ የድባርዋ ሰዎችም ትግርኛ ተናጋሪዎች ስለሆኑ ፓሻው የተሰየመበትን ማዕድን የሚያውቁት «ሓጺን» ብለው ነው።

ስለ ቼርከስነቱ ያነሡት ጥያቄ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ በዚህ ስም ላይ ሊነገር ከሚችለው ሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ስሙ የሰውየውን ዘር አይናገርምና፤ የሚናገረው ያደገበትን የጦር ሥርዓት ነው። በግብፅና በሶርያ ከ1250 እስከ 1517 የገዙት ማምሉኮች በልጅነታቸው ከኪፕቻክ ሜዳዎች፣ በኋላም ከካውካሰስ ተራሮች ተገዝተው የመጡ ወታደሮች ነበሩ። በካይሮ ሲደርሱ እስልምናን ይቀበላሉ፣ ጦርነት ይማራሉ፣ ብዙውን ጊዜም የቱርክ ስም ይሰጣቸዋል፤ በሠራዊቱ ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ቱርክኛ ነበርና። ከ1382 በኋላ የበላይነቱን ቼርከሶች ሲይዙት እንኳ ልማዱ አልተለወጠም። ስሙ የማዕረግ ያህል ነበረ፤ ካይሮ ውስጥ «ኦዝደሙር» ወይም «አይደሙር» የሚል ስም የሰማ ሰው ባለቤቱ ከገዥው ሠራዊት መሆኑን ወዲያውኑ ያውቃል። ከዚህም የሚያስገርመው፣ የማምሉኩ ልጅ ነፃ ሆኖ በእስልምና ስለሚወለድ አብዛኛውን ጊዜ የአባቱን ዓይነት ስም አይወርስም፤ መሐመድ፣ አሕመድ፣ ዓሊ ይባላል። ይህ የወንድ ስም ሰፊ ሆኖ ያልተባዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ ከመውረድ ይልቅ ከጌታ ወደ ምልምል የሚሰጥ ስም ነበርና።

ከስሙ ባለቤቶች መካከል እኔን የሚማርከኝ በጥቅምት 1281 በሖምስ ጦርነት ላይ የነበረው አዝደሙር የተባለ ማምሉክ አሚር ነው። የማምሉክ ወገን ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ይህ ሰው ከድቶ የመጣ መስሎ ወደ ሞንጎሎቹ አዛዥ ቀርቦ አቆሰለው። የአዛዡ ስም መንጉ ተሙር ነበር፤ የጄንጊስ ካን የልጅ ልጅ የሆነው የሁላጉ ልጅ። ስሞቹን ፈትቶ ለሚያነብ ሰው «እውነተኛው ብረት» «ዘላለማዊውን ብረት» ወጋው ማለት ነው፤ ጸሐፊዎቹ በዐረብኛ ስለሚጽፉ ይህ የስም ግጥምጥም ብዙዎቹን ሳያልፋቸው አልቀረም።

የእኛው ኦዝደሚር ፓሻ በዚህ ሥርዓት መጨረሻ ላይ የቆመ ሰው ነው። ኦቶማኖች በ1517 ግብፅን ሲይዙ ማምሉኮችን ፈጽመው አላጠፏቸውም፤ በአገልግሎታቸው አስገቧቸው። እርሱም ከግብፅ ወደ የመን ተሻግሮ በ1547 ሰንዓን ያዘ፣ ቆይቶም የየመን አገረ ገዥ ሆነ። በኋላ በቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ ዘመቻ እንዲደረግ ሱልጣን ሱለይማንን አሳምኖ፣ በ1555 የሐበሽ ጠቅላይ ግዛት በስም ተቋቁሞ እርሱ ተሾመበት፤ በ1557 ምጽዋንና ሕርጊጎን ያዘ፤ ቀጥሎም ወደ ደጋው ወጥቶ የባሕር ነጋሽ ይስሐቅ መቀመጫ በነበረችው በድባርዋ ምሽግ ሠራ። ይህ ሁሉ የሆነው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን መጨረሻ ነው። ደጋው አልረጋለትም፤ በ1560 ገደማ እዚያው ድባርዋ ሞተና ተቀበረ፣ ልጁ በኋላ ዐፅሙን ወደ ምጽዋ አፈለሰው።

የልጁን ስም ልብ ይሏል፦ ዑስማን። በትክክል ልማዱ እንደሚጠይቀው ዐረብኛ ስም ነው። የአባቱ ስም ግን አልጠፋም፤ የኦቶማን ታሪክ ይህንን ሰው የሚያውቀው «ኦዝደሚሮሉ ዑስማን ፓሻ» ብሎ ሲሆን «ኦሉ» ልጅ ማለት ስለሆነ «የኦዝደሚር ልጅ ዑስማን» ነው። ከአባቱ በኋላ የሐበሽ አገረ ገዥ ሆነ፤ በ1583 በዳግስታን በታወቀው የችቦዎች ጦርነት አሸነፈ፤ በ1584 የታላቁ ቬዚርነትን ሥልጣን አገኘ፤ በሚቀጥለው ዓመት ታብሪዝን ከፋርሶች ወስዶ እዚያው ሞተ። አንድ የካይሮ ጦር ሠፈር ስም ወደ ኢስታንቡል ገብቶ የዘር መጠሪያ የመሰለው በእርሱ ምክንያት ነው።

ጠያቂው

ሁለተኛው ጥያቄዬ ሳይረሳ፦ ዛሬስ?

ምላሽ

ዛሬ ስሙ ሁለት ኑሮ አለው፤ እንደ ራስ ስም ጥቂት፣ እንደ ቤተሰብ ስም ግን እጅግ ብዙ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው በሰኔ 1934 የወጣው የቱርክ ሕግ ነው፤ ከዚያ በፊት አብዛኛው ሕዝብ እንደ እኛ በራሱና በአባቱ ስም ይጠራ ነበርና፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ እያንዳንዱ ቤተሰብ መጠሪያ እንዲመርጥ ታዘዘ። ንጹሕ ቱርክኛ በሚፈለግበት ወቅት «ኦዝ» ተወዳጅ መነሻ ሆነ፤ ኦዝቱርክ፣ ኦዝካን፣ ኦዛል የሚሉት ስሞች ከዚያ ወዲህ የገነኑ ናቸው። ብረትም ዕድል ቀናው፤ «ደሚር» (ብረት)፣ «ቼሊክ» (አረብ ብረት) እና «ኦዝደሚር» ሦስቱም ዛሬ በአገሪቱ እጅግ ከተለመዱት የቤተሰብ ስሞች መካከል ናቸው። ስለዚህ ኦዝደሚር የሚባል ቤተሰብ ሁሉ ከፓሻው ዘር ነው ብሎ መገመት ፈጽሞ ስሕተት ነው።

በራስ ስምነት ከሚታወቁት ውስጥ ከ1923 እስከ 1981 የኖረው ባለቅኔ ኦዝደሚር አሳፍና በ1940 የተወለደው ሙዚቀኛ ኦዝደሚር ኤርዶዋን ይገኛሉ፤ ሁለቱም የተወለዱት የቱርክ ሪፐብሊክ ቱርክኛ ስሞችን እንደገና በሚያነሣባቸው አሠርት ዓመታት ነው። ከዚያ በኋላ በተወለዱት ትውልዶች ዘንድ ስሙ የአያቶች ስም እየመሰለ ሄዷል። በቤተሰብ ስምነት ደግሞ በውጭ አገር ይበልጥ የታወቀው የጀርመን አረንጓዴዎች ፓርቲ ፖለቲከኛው ጄም ኦዝደሚር ነው፤ በ1994 ለጀርመን ፓርላማ ተመረጠ፣ በ2021 የግብርና ሚኒስትር ሆነ። አባቱ ከቶካት የመጡ ቼርከስ መሆናቸው፣ በአጋጣሚም ቢሆን፣ ከላይ የተባለውን ያስታውሰናል፦ ስሙ ቱርክኛ ነው፣ ባለቤቱ ግን ቱርክ መሆን የለበትም።

አጻጻፉን በተመለከተ «ኦዝደሚር» የሚለውን እመርጣለሁ። የእግር ኳስ ተመልካቹ ሁሉ በዚያው «ኦዝ» የሚጀምረውን የቀድሞውን የአርሰናል ተጫዋች ስም «ኦዚል» ብሎ መጻፍ ስለለመደ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም። ስለ ማምሉክ አሚሮች ከዐረብኛ ምንጭ ለሚጽፍ ሰው «አዝደሙር»ን መያዝ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ሁለቱ አንድ ስም መሆናቸውን በአንድ ሐረግ ቢገልጽ አንባቢውን ከእርስዎ ዓይነት ግራ መጋባት ያድነዋል።

ሌላ ተሳታፊ

«ፓሻ» የሚለው ተቀጽላስ? የስሙ አካል ነው ወይስ ማዕረግ?

ምላሽ

ማዕረግ ነው፤ በቱርክኛ ልማድ ማዕረግ ከስም በኋላ ይመጣል፤ «መሕመት በይ» እንደሚባለው ማለት ነው። ዐረብኛ «ፕ» ስለሌለው «ባሻ» ይለዋል፤ የእኛም «ባሻ» ሆነ «ቱርክ ባሻ» የሚለው የጠመንጃ ያዦች አለቃ ማዕረግ ከዚሁ መጥቷል፤ በእኛ ግን በቱርክኛው ተቃራኒ ከስም በፊት ይቀድማል። ቱርክ በኅዳር 1934 «ፓሻ» እና «በይ» የሚሉትን ማዕረጎች በሕግ ስትሰርዝ በኢትዮጵያ «ባሻ» ገና ይሾም ነበር።